ልጅቷ ያልተጠራችበት ሽምግልና

የልጅ ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። እናቷ ትየርኪዲ የስደተኞች ጣቢያ ስለምትሠራ እዚያው ታድራለች፤ የምትመጣው በወር አንዴ ነው፤ ልጅቷን የማሳድጋት እኔ ነኝ። ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ዓሣ እሸጣለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም ካገባሁ በኋላ ልጅ አዝዬ ነው የተማርኩት። ማንበብ እችላለሁ። ቀስ ብዬ ነው እንጂ እችላለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በዚያ ሰሞን ስንቱ ሰው “ይህ የስልክ ነገር ነው፣ ለእርስዎ አይገባዎትም” እንዳለኝ ስለማልረሳ ነው። ገብቶኛል። መጀመሪያ እኔም ተሳስቻለሁ፣ እሱን አልደብቅም፤ በኋላ ግን ገብቶኛል።

ነገሩ የተነሣው ከሽንት ቤት በር ነው። ልጅቷ በትምህርት ቤታቸው ሚኒ ሚዲያ ውስጥ አለችበት። ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ማይክ ይዛ ለተማሪው ሁሉ ዜናና ማስታወቂያ ታነባለች። አማርኛ ለቤታችን ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ እሷ ስታነበው ግን አንድም ቃል አይሰናከልባትም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወረቀቷን ይዛ ፊቴ ትቆማለች፤ እኔ የዓሣ ቅርፊት እያራገፍኩ እሰማታለሁ። “አትቸኩዪ፣ የሚያሳድድሽ የለም” እላታለሁ። አንድ እሁድ እንዲህ የሚል አነበበችልኝ፦ “የሴቶች ሽንት ቤት በር ከተሰበረ ሰንብቷል። ማን እንደ ሰበረው ሁላችንም እናውቃለን። የሰበሩት ወንድሞቻችን መጥተው ይጠግኑልን።” ደግ ጻፍሽ አልኳት። ሰኞ ሄዳ ሙሉ ትምህርት ቤት ፊት አነበበችው።

ረቡዕ ዕለት ገበያ ላይ አጠገቤ ቲማቲም የምትሸጠው ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

“ይቺ ያንቺ ልጅ አይደለችም እንዴ?”

ስልኩ ላይ ያለው የልጆቹ ግሩፕ ነው። የትምህርት ቤቱ ወንዶች ከፍተውታል፤ የከተማው ጎረምሳ ሁሉ ገብቶበታል። ልጄን በዩኒፎርሟ ማይክ ፊት ቆማ አንሥተዋታል። ጭንቅላቷን ቆርጠው ከፍየል አካል ላይ ለጥፈውታል። ድምፅዋን ከፍየል ጩኸት ጋር ቀላቅለው አስቀምጠዋል። ሥሩ ላይ ደግሞ ሰው በየተራ ጽፏል። ስለ ጥርሷ፣ ስለ ጥቁረቷ፣ ስለ ቁመቷ። “ሴት ማይክ ምን ያደርግላታል፣ ድስቷን ትጠብቅ።” “ይህችን ማን ያገባል?” አንዱ ደግሞ “መንገድ ላይ ስናገኛት ዜና እናስነብባታለን” ብሏል። ይሄ የመጨረሻው ስድብ አይደለም፤ ዛቻ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የምትማረው ከእነሱ ጋር ነው፤ የምትመለሰውም በእነሱ መንገድ ነው።

ዓሣዬን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትገባ ምንም ሳልጠይቅ ስልኳን ከእጇ ተቀብዬ በቆሎ ጆንያ ውስጥ ከተትኩት። እጄን እስከ ክንዴ አስገብቼ ታች ድረስ ቀበርኩት። ስልኩን ስቀብር ስድቡን የቀበርኩት መስሎኝ ነበር። አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር። በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ከዚያ ዓርብ ጠዋት እንዲህ አለችኝ፦

“ማማ፣ እዚያ ስልክ ውስጥ ያሉት እኮ የሚሰድቡኝ ብቻ አይደሉም። ጓደኞቼም እዚያ ናቸው። ሲከራከሩልኝ ነበር። ሰዳቢዎቹ እንዳሉ ናቸው፤ አንቺ የወሰድሽብኝ ጓደኞቼን ነው።”

ያን ቀን ተነሥቼ ጆንያውን ገለበጥኩት። ቤቱ በቆሎ በበቆሎ ሆነ። ስልኩን ጠርጌ በእጇ ላይ አስቀመጥኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ ማለት ለአያት ቀላል አይደለም፤ ግን አልኩ።

ወደ ትምህርት ቤቱም ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ ወጣት ነው፣ ሰው ያከብራል፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ነው የተቀበለኝ።

“እናቴ፣ ነገሩን ሰምተናል። አዝነናል። ለእሷ ስንል ለጊዜው ከማይኩ አሳርፈናታል። እስኪበርድ ድረስም ቤት ብትቆይ ይሻላል ብለናል።”

“ልጆቹስ?”

“ምክር ተሰጥቷቸዋል።”

“አሁን የት ናቸው?”

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመረ።

“ልጄ፣ የት ናቸው ነው የምልህ።”

“ክፍል ውስጥ።”

“ስለዚህ የሰደቡት እየተማሩ ነው፤ የተሰደበችው ቤት ቁጭ ብላለች። ለእሷ ስትሉ ይህን ካደረጋችሁ ለእነሱ ስትሉ ምን ልታደርጉ ነበር?”

ከዚያ ወጥቼ አቤቱታ የሚቀበል አንድ ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ያለው ሰው ከጎረቤቴ የተዋስኩትን ስልክ ተቀብሎ ፎቶውን አየና “ፎቶውን ማን ሰጣቸው? እንዴት ዓይነት ልብስ ለብሳ ነበር?” አለኝ። እየውና! ዩኒፎርም ለብሳ ባንዲራ ሥር ቆማ ነው። “ባንዲራውንም አስጠራውና ምን ለብሶ እንደ ነበር ጠይቀው” አልኩት። ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ስንት ሴት ልጅ ይህን ጥያቄ ተጠይቃ አንገቷን ደፍታ ከዚያ በር እንደ ወጣች እያሰብኩ ነበር።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ወንዱ ልጄ ከጎግ መጣ። ጎግ እርሻ አለው። የልጅቷ አባት በሕይወት ስለሌለ ለልጅቷ የሚቆመው አጎቷ ነው፤ በባህላችን እንደዚያ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ደውለውለት ኖሯል። ለእኔ፣ እዚሁ ጎናቸው ላለሁት፣ ማንም አልደወለልኝም።

“እማዬ፣ ነገ ሽምግልና አለ። እንጨርሰዋለን” አለኝ። “ሰኞ ጠዋት በሕዝብ መኪና ይዣት እሄዳለሁ።”

“ወዴት?”

“ጎግ ነዋ። እስኪረሳ ድረስ እዚያ ትቀመጥ። እዚያም ትምህርት ቤት አለ።”

“እዚያም ስልክ አለ።”

“ኔትወርኩ እንኳ ብዙ ጊዜ የለም።”

“እንግዲያው ልጅቷ ኔትወርክ ወደሌለበት ትሰደድ? ደቡብ ሱዳን ሰው ሲጋደል ሸሽተው የመጡትን ትየርኪዲ አስጠግተናል። እኔ ከማን ላሸሻት ነው? ከአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ?”

“እማዬ፣ ስሟ እየጠፋ ነው እኮ!”

“ስሟን ያጠፋው ማን ነው? እሱ ይሰደድ።”

ልጄ ክፉ ሰው አይደለም። ይወዳታል። ሕፃን ሳለች ትከሻው ላይ አድርጎ ባሮን ያሻገራት እሱ ነው። የሚያናድደኝም ይሄው ነው። ልጅቷን ቤት ካስቀመጧት፣ ካባረሯት፣ ዝም ካሰኟት ሰዎች መካከል አንድም የሚጠላት አልነበረም። ሁሉም ለእሷ ብለው ነው። እኔ ራሴ ለእሷ ብዬ ነው በቆሎ ውስጥ የቀበርኳት። መንገድ ላይ አንድ ወንድ ሴት ልጅ ላይ ድንጋይ ቢወረውር ወንዱን እናሯሩጠዋለን። በስልክ ሲወረውርባት ግን ሴቷን ይዘን ቤት እንዘጋባታለን፤ ከዚያም ጠበቅናት እንላለን።

ቅዳሜ ሽምግልናው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ማንጎ ሥር ተቀመጠ። ቤታችን ከአጥሩ ቀጥሎ ነው። በርጩማዬን ይዤ ገባሁ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ከእኔ አምስት ስድስት ዓመት ይበልጣሉ፤ ሲያዩኝ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

“ተጠርተሽ ነው?”

“ጥሪው መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል፣ አባባ። እኔ ግን መጥቻለሁ።”

በርጩማዬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ጸሎት ተደረገ። ግሩፑን የከፈተው ልጅ አባት ተነሣ። ዲያቆናችን ነው፤ ልጁም ሕፃን ሳለ እኔ ቤት ዓሣ በልቶ ያደገ ነው። አሁን አባቱ ጎን አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

“የልጅ ነገር ነው” አለ አባትየው። “ለጨዋታ ነው ያደረግነው ይላሉ። ቢሆንም አጥፍተዋል። እኛም አባቶቻቸው አፍረናል። ይሄው ለወንድማችን ፍየል ይዘን መጥተናል።”

ዞር ብዬ አየሁ። እውነትም አጥሩ ላይ አንድ ፍየል ታስሯል።

ሳቅ መጣብኝ፤ የንዴት ሳቅ። “ዲያቆን፣ በፍየል ሰድባችሁ በፍየል ልትታረቁ?”

አንዱ ሽማግሌ አፉን በእጁ ሸፈነ። ዲያቆኑ ፎቶውን ያላየው ኖሮ መጀመሪያ አልገባውም። ልጁ ግን ገብቶታል፤ ዓይኑን ከፍየሉ ላይ ሲያሸሽ አየሁት።

በእኛ ዘንድ የተበዳይ ወገን የእንስሳውን ገመድ ከተቀበለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አያነሣውም። ልጄ ገመዱን ለመቀበል ተነሣ። እኔም ተነሣሁ፤ በርጩማዬን አንሥቼ በእሱና በፍየሉ መሐል አስቀመጥኩና ተቀመጥኩበት።

“እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?”

“ተቀምጫለሁ። የተሰደብከው አንተ ነህ እንዴ? ፎቶህን ነው የለጠፉት? ያልተሰደብክበትን ካሣ እንዴት ትቀበላለህ?”

“ኧረ ተይ፣ አታዋርጅኝ!”

“ቁጭ በል።”

ተቀመጠ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “አንቺ ሴትዮ፣ ምን ይደረግ ነው የምትይው?”

“የእናንተው ደንብ ይደረግ።”

ነገርኳቸው። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ሰው ባሮ ዳር ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ፊት እናቴን ሌባ ብሎ ሰደባት፤ መረቤን ሰረቀች ብሎ። መረቡ በኋላ ተገኘ። ሰውየው እቤታችን መጥቶ አባቴን ይቅርታ ጠየቀና ሊሄድ ሲል የዚያን ጊዜ ሽማግሌዎች አይሆንም አሉት። ስድቡ በተሰማበት ቦታ፣ በሰሙት ሰዎች ፊት ይመለሳል አሉ። በማግስቱ ንጋት ላይ ውኃው ዳር አቆሙት። ሁሉም ሴቶች እስኪመጡ ድረስ ቆየ። አንዷ አራስ ነበረች፤ እሷም እንድትመጣ ተላከባት። ከዚያ በኋላ ነው ስድቡን የመለሰው። ለአባቴ አይደለም፤ እናቴን በስሟ ጠርቶ፣ ለእናቴ።

“አባባ፣ እርስዎም ያኔ ወጣት ነበሩ። ውሸቴን ነው?”

“አልዋሸሽም” አሉ። “ግን ያ ሰው ባለበት ቦታ ነው። ይሄ እኮ ስልክ ነው።”

“ስልኩ ውስጥ ሰው የለም?”

“ስንት ሰው ይኖራል?”

ማንም አያውቅም። የሚዳኙት ነገር ውስጥ ምን እንዳለ ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንዱም አላየውም። “ፎቶ ለጠፉ” ሲባል ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ መስሏቸው ነበር። ልጄም አላየውም፤ ማየት አልፈለገም። ዲያቆኑም አላየውም። ጉዳዩን የምታውቀው ከበደላት ልጅና ከእኔ በቀር አንዲት ናት፤ እሷን ደግሞ ማንም አልጠራትም።

“ስልኩ ያለው እሷ ጋ ነው” አልኩ። “የሚከፍተውም የእሷ ጣት ነው። ማየት ከፈለጋችሁ ጥሯት።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሴት ልጅ በራሷ ጉዳይ ሽምግልና ላይ ስትጠራ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። በአጥሩ ላይ ተጣራሁ፤ መጣች። ፀጉሯን አስራ፣ ነጠላ ጫማ አድርጋ መጥታ መሐላቸው ቆመች። ሰብሳቢው “ልጄ፣ የጻፉትን እስቲ አሳዪን” አሏት።

“ማየት ያስቸግርዎታል፣ አባባ፤ ፊደሉ ትንሽ ነው። ላንብብልዎት?”

አነበበችው። ማስታወቂያ በምታነብበት ድምፅ፣ ሳትቸኩል። መጀመሪያ የጻፈውን ሰው ስም ትጠራለች፣ ከዚያ የጻፈውን። ስለ ጥርሷ። ስለ ጥቁረቷ። ማን ያገባታል የሚለውን። መንገድ ላይ ስናገኛት የሚለውን። አንዱንም አልዘለለችም። ልጄ መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ በሁለት እጁ ፊቱን ያዘ። አንድ ስም ስትጠራ ከሽማግሌዎቹ አንዱ “ማን አልሽ?” አሉ። ደገመችው። የራሳቸው ልጅ ነው፤ ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት፣ ሥራ ያለው ሰው። “የልጅ ነገር ነው” የሚለው ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

ስትጨርስ ሰብሳቢው “እዚያ የተቀመጠው ሰው ስንት ነው?” አሉ።

“አራት መቶ ስልሳ፣ አባባ።”

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው አዩ። “የእኛ ምዕመን እንኳ ይህን ያህል አይሆንም” አሉ ለራሳቸው። ቆይተው ወደ እሷ ዞሩና ማንም ያልጠየቃትን ጠየቋት፦ “አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?”

ያሰበችበት ነበር። “ፍየል አልፈልግም። ስማቸውን ጠርተው፣ የእኔንም ስም ጠርተው፣ በራሳቸው ድምፅ እዚያው ግሩፑ ውስጥ ይመልሱ። ግሩፑ እስከ ነገ ማታ አይዘጋ፤ ሁሉም ይስማ። ከዚያ ይዝጉት። ጎግ አልሄድም። ሰኞ ክፍሌ እገባለሁ፤ ማይኬንም እፈልጋለሁ።”

ልጄ ቀና አለ። ይቃወማል ብዬ ጠበቅሁ። “እኔም ገመዱን አልቀበልም” አለ።

የዲያቆኑ ልጅ እዚያው ማንጎው ሥር በስልኩ ድምፁን ቀረጸ። መጀመሪያ አንሾካሾከ። “አይሰማም፣ እንደገና” አለችው። ሁለተኛ ሲሞክር ስሟን ዘለለው። “ስም ዘለልክ፣ እንደገና።” ሦስተኛው ላይ ሆነ። አብረውት ፎቶውን የሠሩት ሁለት ጓደኞቹም ተጠርተው መጥተው ቀረጹ። ሽማግሌው ደግሞ ጎልማሳውን ልጃቸውን እዚያው ደውለው በሁላችንም ፊት አናገሩት፤ ያሉትን እዚህ አልደግምም፣ ግን አመሻሹ ላይ የሱም ድምፅ ግሩፑ ውስጥ ገባ። ፍየሉን ዲያቆኑ ይዞት ተመለሰ።

ይህን ሳወራ “እማማ፣ እንኳን አለቀልዎት” የሚሉኝ አሉ። ምኑ ነው ያለቀው? ከአራት መቶ ስልሳው ስድቡን የመለሱት አራት ናቸው። የሳቁት አሉ። አይተው ዝም ያሉት አሉ፤ ከነሱ ውስጥ መምህራን እንደ ነበሩ ልጅቷ ነግራኛለች። የዚያ ቢሮ ሰውም እስካሁን ያቺን ጥያቄውን ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ግሩፕ ተከፍቷል፤ አሁን ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ ናት። እኔ ሕግ አውጪ አይደለሁም፤ ግን የምጠይቀው ቀላል ነው። ወንድ ልጅ ያለው ሰው ልጁ ስልክ ላይ ሴት ልጆችን ምን እንደሚላቸው ይወቅ። ትምህርት ቤቱ ቤት ማስቀመጥ ካለበት የሰደበውን ያስቀምጥ። ለመዳኘት የተቀመጠ ሰው የሚዳኘውን ነገር አስቀድሞ ይመልከት፤ ልጅቷንም ይጥራት። ይሄ እንዴት ከባድ ሊሆን እንደቻለ ዛሬም አይገባኝም።

ሰኞ ጠዋት ሰብሳቢው ሽማግሌና ልጄ ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት ሄዱ። ልጄ ጎግ የሚሄደው መኪና አመለጠው። ርዕሰ መምህሩ “ኮሚቴው ተሰብስቦ እስኪወስን” ሊል ጀምሮ ነበር፤ ሽማግሌው “እኛ ወስነን መጥተናል፤ አንተ ኮሚቴህን በኋላ ሰብስብ” አሉት። ፈቀደ። እኛ አጥሩ ጥግ ቆምን።

ባንዲራው ተሰቀለ። ልጅቷ ወጥታ ማይኩን ያዘች። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ስትጀምር ከወንዶቹ ሰልፍ ውስጥ አንዱ አፏጨ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ቆመች። ርዕሰ መምህሩን አየሁት። እሱ መጀመሪያ ያየው እሷን ነው፤ ውረጂ ሊላት ነው ብዬ አጥሩን ያዝኩ። ከዚያ ወደ እኛ አየ። ከዚያም ከመድረኩ ወርዶ ወደ ሰልፉ ገባና ያፏጨውን ልጅ ክንዱን ይዞ አወጣው። ወደ ቢሮውም ይዞት ገባ።

እሷ ወረቀቷን ዝቅ አድርጋ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። ከዚያ ካቆመችበት አልቀጠለችም። ከመጀመሪያው ጀመረች።